የአቶ አንገት ልኬት

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ይድረስ ለቤቴ ምሰሶ፣ ለውዷ ባለቤቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችንስ? ሰው «ከናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ» ብሎ ይጽፋል። እኔ ስለ ራሴ ደኅና የሚል ቃል ከጻፍኩ ዓመት አለፈኝ። ጉሮሮዬ ላይ የተቀረቀረው ነገር ዛሬም አለ። ደግሞ ጀመረው እንዳትዪ፣ የምጽፍልሽ ለሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት ጉድ ሆንኩልሽ። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው፣ በስተእርጅና ሊያገባ የተነሳው፣ የሰፋሁለትን ሸሚዝ ሊሞክር ቢመጣ ኮሌታው አልቆለፍ አለ። ለካ ከልኬት ደብተሬ ያነበብኩት የእኔን አንገት ኖሯል። አብጦ እንደሆነ ብዬ ጠዋት ጠዋት እየለካሁ ከደንበኞቹ መሀል እንደምጽፈው ታውቂያለሽ። እሱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አዎ፣ አንቺ ስትለምኚኝ «እብድ ልታደርጊኝ ነው?» ብዬ ያኮረፍኩበት። ሐኪሟ አላፌዘችብኝም። የሚሰማህ ውሸት አይደለም፣ ኑሮህን የበላው ግን ጭንቀቱ ነው፣ ይታከማል አለችኝ። ሜትር አንገቴ ጋ እንዳይደርስም አዘዘች። እስኪ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል እንዴት ይውላል? ኪሴ ከትቼው እየዋልኩ ነው። አልዋሽሽም፣ ትናንት ሁለቴ አንገቴን በጣቴ ነካክቻለሁ።

ስንት ጊዜ እንደለካህ ቁጠር ስላለችኝ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። መቶ አርባ ስድስት ጊዜ፣ ሁሉም ሠላሳ ዘጠኝ። በየጠዋቱ «እስኪ ንኪው» እያልኩ እጅሽን ስጎትት፣ «እኔ ያገባሁት አንተን ነው እንጂ አንገትህን አይደለም፣ አቶ አንገት» ያልሽኝ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ የአንቺን ልኬት አገኘሁ። ያምና ቀሚስሽ፣ ወገብ ሰማንያ ስምንት። ልትሄጂ ሰሞን የለካሁሽ፣ ሰባ አራት። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ለክቼሽ፣ ጽፌ፣ እዚያው አንገቴን ንኪልኝ አልኩሽ። «ልጄ ዘንድ ሄጄ ትንሽ ልረፍ» ስትዪኝም የሸሸሽኝ መስሎኝ ተቀየምኩ።

ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ዓለም? ሐኪም አይቶሻል? ብቻሽን ነበር እሱ ዘንድ የሄድሽው?

እሑድ በመጀመሪያው አውቶብስ እመጣለሁ። ስለ ጉሮሮዬ አንድ ቃል አልተነፍስም፣ አንቺ ብቻ ንገሪኝ። እስክደርስ ፈጣሪ እጁን ካንቺ ላይ አያንሳ።

ያንቺው
አቶ አንገት