ለጉንዳኖችሽ የተገኘው አፈር

የኔ ዓለም አሰገደች፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የተዝካርሽ ዳስ ተጣሞ ስለ ተሠራ ከሠራተኞቹ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ብትኖሪ ኖሮ እጀጠባቤን ጎተት አድርገሽ ታስቆሚኝ ነበር። የጓዳው በር አሁን አይጮህም። ሦስት ጊዜ አስፈትቼ አሠራሁት።

ጉንዳኖችሽም ደኅና ናቸው። ይህን ልነግርሽ ነው የጻፍሁት።

ለሥነ ሕይወት ትምህርት በብልቃጥ ያመጣኋትን ክንፏን የጣለች ንግሥት ነጥቀሽኝ በማር ውሃና በዝንብ ሬሳ ባለ ብዙ ቤተሰብ አደረግሻት። «አብዮቱ ያላወረዳት ንግሥት እኛ ቤት አለች» ብለሽ ስትስቂ፣ ካድሬው ጎረቤታችን ነውና አፍሽን በእጄ እይዝ ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲከብድ ቤታቸው ሻገተ። ፍግ ያለበት የጓሮ አፈር ነበርና ነጭ ሻጋታ እስከ እጮቹ ድረስ ወረደ። ሠራተኛ ጉንዳኖቹ እጮቹን ተሸክመው ከጥግ ወደ ጥግ ሲሸሹ ሳይ ደነገጥሁ። ከእጅሽ በሕይወት የቀረኝ እነሱ ብቻ ናቸው።

ሁለት መስታወት በእንጨት ማቀፊያ አጋጥሜ አዲስ ቤት ሠራሁ። መጀመሪያ የወንዝ አሸዋ አጥቤ ሞላሁ፤ መተላለፊያቸው በላያቸው ተናደ። ቀጥሎ ዋልካ አመጣሁ፤ ሲረጥብ ማጥ፣ ሲደርቅ እንደ ተረከዝ ተሰነጠቀ። «የተማረ ሰው ቤት ሲሠራ አፈሩን ሳይጨብጥ መጽሐፉን ይጨብጣል» ያልሽኝ ትዝ አለኝ። አንቺ እርጥቡን አፈር ጨብጠሽ እጅሽን ትዘረጊ ነበር። ሳይፈርስ ከቆመ፣ በጣት ሲነኩት ደግሞ ከተፈረፈረ፣ ይሆናል ማለት ነው። እኔ እስቅብሽ ነበር።

ከሣጥንሽ ሥር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ቀይ፣ የላመ አፈር አገኘሁ። ለጉንዳኖችሽ ነፍተሽ ያስቀመጥሽው መሰለኝ። ፈታሁት፣ በጥቂት አሸዋ ለወስሁት፣ ጨበጥሁት፤ ቆመ። ስነካው ተፈረፈረ። አዲሱን ቤት አጨልሜ ከአሮጌው ጋር በሸምበቆ አገናኘሁት። በሦስተኛው ቀን ንግሥቲቱ ራሷ ተሻገረች። ብቻዬን አጨበጨብሁ።

በሳምንቱ እህትሽ እትዬ ጥሩነሽ መጡ። ሣጥኑን አይተው፣ ከገነተ ማርያም ያመጡልሽን እምነት፣ ሕመምተኛ ግንባሩን የሚቀባውን የተባረከ አፈር፣ ጠየቁኝ። መስታወቱን በጣቴ አሳየኋቸው።

ታመሽ ሳለሽ እምነት እንዳስመጣልሽ ስትለምኚኝ፣ የሳይንስ መምህር ቤት ይህ አይገባም ብዬ ጮኼብሽ ነበር። ሳይንሱ ግማሽ ነበር፤ ግማሹ የካድሬው ፍርሃት ነው። ለካ እትዬ በድብቅ አምጥተውልሽ ኖሯል። «ቁጣው ሲበርድለት እንዲቀባኝ እጠይቀዋለሁ» ብለሽ አስቀመጥሽው አሉኝ። ቋጠሮው ሳይነካ ነበር የቆየው። ለካ አልበረደልኝም።

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው መስታወቱን ረጅም ጊዜ አዩ። እጮቹ እንደ ሩዝ ፍሬ ተደርድረው ነበር። «አይ አንተ መምህር!» አሉ፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ከንፈራቸው ግን እየሳቀ። «እነዚህስ ቁጣህን አልፈሩም፤ ገቡበት። እንግዲህ ተዋቸው፣ ይኑሩበት።»

ያን ቀን ካንቺ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራት በልቼ ጠገብሁ።

አሁን ዓርብ ዓርብ የአፈሩን ዳር በውሃ አረጥባለሁ። በጠብታ ማጠጣት ይሻላል፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ጣቴን ነክሬ ነው የምቀባው። አፈሩ ከጣቴ ሥር ሲቀዘቅዝ ግንባርሽን አስባለሁ። እነሱ እስካሉ በዚሁ እጅ፣ ሳልቸኩል፣ ሳልቆጣም እቀባዋለሁ። እነሱም ሲያልቁ አፈሩን ቋጥሬ ወደነበረበት፣ ከሣጥንሽ ሥር እመልሰዋለሁ፤ እኔን ሲቀብሩኝ በላዬ እንዲፈቱት ለእትዬ ነግሬያለሁ።

ያንቺው ቁጡ