ራስጌና ግርጌ

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ደብዳቤ በሌላ መንገድ አይጀመርም ተብለን ስላደግን ነው የምጠይቅሽ እንጂ ያለሽበትን ሁኔታ ከልጅሽ ሰምቻለሁ። ወገብሽን እንደሚያምሽ፣ እልህሽ ግን ምንም እንዳልሆነ ነግራኛለች። እኔም ደህና ነኝ። ድሮ እታለም ብዬ ነበር የምጽፍልሽ፤ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ስለ አላላክሽ ልናገር። እናታችን ከሞተች ወዲህ፣ ይኸው አምስት ዓመት፣ አንድ ቀን ደውለሽልኝ ታውቂያለሽ? ሰው ልከሽብኝ ታውቂያለሽ? በቀደም ከሰዓት ከማስተምርበት ክፍል ስወጣ ልጅሽ ቦርሳዋን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። በቁመት በልጣኛለች፤ አንቺን ባትመስል ኖሮ አላውቃትም ነበር። ኬሚስትሪ ወድቃ በድጋሚ ልትፈተን እንደሆነ ነገረችኝና ያንቺን መልእክት እንዳለ አስረከበችኝ፤ አክስትሽ ኤሌክትሮን ታስተምርሽ። ይኸው ነው። ሰላምታ የለ፣ እባክሽ የለ። ለልብስ ሰፊ እንኳ ጨርቅ ሲላክ ከዚህ የተሻለ ቃል አብሮ ይላካል።

ልጅቷ ምን አጠፋች ብዬ ወደ ተከራየሁት ቤት ይዣት ሄድኩ። ይህን ፈተና ካላለፈች ክፍል ትደግማለች፤ ያንቺን ዕዳ እሷን ማስከፈል አልፈለግሁም።

ከሀ ጀመርኩላት። አቶም መሃሉ ላይ ኒውክሊየስ አለው፣ ኤሌክትሮኖቹ በዙሪያው ናቸው። እንደፈለጉ አይበተኑም። ደረጃ አላቸው፤ መጀመሪያ ለኒውክሊየሱ የሚቀርበው፣ ዝቅተኛ ጉልበት ያለው ይሞላል፣ ከዚያ ቀጣዩ። እያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ ክፍሎች አሉት፣ ኦርቢታል የምንላቸው። እውነተኛ ግድግዳ የላቸውም፤ ኤሌክትሮኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኝበት ቦታ ማለት ነው፣ ክፍል የምለው ለተማሪ እንዲቀል ነው። አንድ ክፍል ከሁለት ኤሌክትሮን በላይ አይችልም። ሁለት ከገቡም ስፒናቸው፣ የሽክርክሪታቸው አቅጣጫ እንበለው፣ ተቃራኒ መሆን አለበት፤ በወረቀት ላይ አንዱን ቀስት ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች እንስላለን። ልጅሽ ይህን ስትሰማ፣ ራስጌና ግርጌ እንደ መተኛት ነዋ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ትዝ ያለኝ የእኛው ነው፤ እንግዳ መጥቶ የእኔ ክፍል ሲሰጠው አንቺ አልጋ ላይ እጨመር ነበር። አንቺ ሁልጊዜ ራስጌ፣ እኔ ሁልጊዜ ግርጌ፣ እግርሽ አፍንጫዬ ሥር። እሷ ለምን እንደሳቀች ግን አልጠየቅኋትም።

ነገር የተበላሸው ናይትሮጅን ላይ ስንደርስ ነው። ናይትሮጅን ሰባት ኤሌክትሮን አለው። ሁለቱ “አንድ ኤስ” በሚባለው ክፍል፣ ሁለቱ “ሁለት ኤስ” በሚባለው ይገባሉ፣ ሦስት ይቀራሉ። ለእነዚህ ሦስቱ “ሁለት ፒ” የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉላቸው፣ እኩል የሆኑ፣ አንዱ ካንዱ የማይሻል። ልጅሽ በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ቀስት አጨቀች፣ በሁለተኛው አንድ፣ ሦስተኛውን ባዶ ተወችው። ኤክስ አደረግሁባት። ኤሌክትሮኖች ሁሉም ኔጌቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፤ እኩል የሆነ ባዶ ክፍል እያለ ተደራርበው አይገቡም፣ መጀመሪያ ለየብቻቸው ይይዛሉ ብዬ አስረዳኋት። ገብቶኛል አለች። በማግስቱ የውጭ ደረጃው እንደ ናይትሮጅን የሚሞላውን ፎስፈረስ ሰጠኋት፣ ያንኑ ደገመችው። ናይትሮጅንን መልሼ ሰጠኋት፣ አሁንም ያው። የእናቷ ልጅ፣ ግግም ያለች ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ አክስቴ፣ ክፍሉ እኮ የሰው ሊሆን ይችላል አለችኝ።

የማን ብዬ ጠየቅኋት። ሁሉንም ዘረገፈችው። በእናታችን ክፍል አንቺና እሷ በአንድ አልጋ ራስጌና ግርጌ ትተኛላችሁ። ያንቺ በነበረው ክፍል ትንሹ ወንድሟ አለ። ኮሪደሩ ጫፍ ያለው የእኔ ክፍል እንደተቆለፈ ነው። የግቢውን በር ቁልፍ ሊቀይር የመጣው ባለሙያ፣ ይህንንስ በአንድ ጊዜ ልክፈትላችሁ ቢልሽ፣ ተወው፣ ባለቤቷ ቁልፉን ይዛዋለች አልሽው አሉ።

ተናደድኩ። እናታችንን ያስታመምኩ፣ ያጠብኩ፣ ያገላበጥኩ እኔ። አንቺ ከባልሽ ተጣልተሽ ልጆችሽን ይዘሽ የገባሽው መጨረሻ ላይ ነው። በተቀበረች በሳምንቱ ዘመዶቻችንን ሰብስበሽ፣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እየሰማሁሽ፣ ይቺ ልጅ እስከ መቼ እናቷ ቤት ትቀመጣለች፣ እኔስ ከልጆቼ ጋር የት ልግባ አልሽ። ያን ዕለት ክፍሌን ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። እግሬ ሳይርቅ በሩን ትሰብሪዋለሽ ብዬ ነበር። በሰበርሽው በር አምስት ዓመት ሙሉ ስረግምሽ ኖሬ፣ በሩ አልተሰበረም አሉኝ። ያን ሁሉ እርግማን አሁን ምን ላድርገው?

እንደ ደግነት እንዲቆጠርልሽ ከሆነ ግን አይቆጠርልሽም። ያደገች ልጅ አልጋ ጫፍ ላይ ኩርምት አድርገሽ እያስተኛሽ፣ እግርሽን አፍንጫዋ ሥር እያደረግሽ፣ ለኔ ባዶ ክፍል መጠበቅሽ ምን ያደርግልኛል? የምታጠናው ሻንጣ ላይ ደብተር ዘርግታ ነው አሉ። አንዲት ቃል መላክ ይቀልሽ ነበር። አንቺ ግን ቃል ከምታወጪ ልጅሽ ብትወድቅ ትመርጫለሽ፣ አውቅሻለሁ።

ስለዚህ ቁልፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልጅቷ ይዛልሻለች። ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ እምቢ ካለሽ በሩን በእጀታው ወደ ላይ አንሺው። አቧራውን አንቺ ጥረጊው፣ የጠበቅሽው አንቺ ነሽ። ክፍሉን የሰጠሁት ለእሷ ነው፣ ለአንቺ አይደለም። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነው፣ እዚያ ታጥና። ሦስት ሰው በሦስት ክፍል፣ ናይትሮጅን ማለት ይኸው ነው። እዚያ ክፍል አንድ ሳምንት ካደረች ከእንግዲህ የምትሳሳት አይመስለኝም።

ቅዳሜ ኦክስጅንን እናያለን። አከራዬ የልጅቷን መመላለስ አልወደዱትም፤ እሷ ደግሞ ለምን እኛ ቤት አይሆንም እያለች ትነዘንዘኛለች። መልሱን ለአንቺ ልጻፈው። ኦክስጅን ከናይትሮጅን የሚበልጠው በአንድ ኤሌክትሮን ነው። ሦስቱም ክፍሎች አንድ አንድ ስለያዙ፣ አራተኛው ወደደም ጠላም ካንዱ ጋር ይዳበላል። እኛ አስተማሪዎች ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጋር አድርገን ነው የምንስለው። ካልገባሽ ልጅሽ በወረቀት ታሳይሽ።

ወገብሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ለፈተናዋም ልቦናዋን ይክፈትላት። አንደበትሽንም ትንሽ ያለስልስልሽ፣ የእኔንም እንዲሁ።

ታናሽ እህትሽ

እታለም፣ ግርጌ ግን አልተኛም።