የሾፌሩ ክዳን

ኅዳር 4

ዛሬም ያው። የጎረቤቴን ቀሚስ ጨረስኩ። ወገቡን አጠበብሽው አለችኝ። እኔ አላጠበብኩትም፣ እሷ ናት የወፈረችው። ምራቄን ዋጥ አደረግኩ፤ ደንበኛ ናት።

ከሰዓት በኋላ የባሌን ክፍል ጠረግኩ። ከሞተ ሦስት ወር ሆነው... የሰው ባል ሲሞት መሬት ይተዋል፣ ቤት ይተዋል። የኔው አሥራ ሰባት ታንክ ትቶልኝ ሄደ። በእጁ የሠራው የፕላስቲክ የጦር ታንክ! አንዱ ከአንድ እግር ጫማ አይበልጥም። ያውም ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጎናቸው ላይ አንድ ቁጥር። በወጣትነቱ ወታደር ሳለ የነበረባት ታንክ ናት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሌላ መልክ ያለው ታንክ የለም?" እለው ነበር።

"ገና አልተስተካከለችም" ይለኛል፣ ዓይኑን ከወረንጦው ሳያነሳ።

አቧራውን በቀለም ብሩሹ አራገፍኩ። ስወጣ በሩን ዘጋሁት። አርባ ዓመት በዚህ ቤት በር ተዘግቶ አያውቅም። የመኝታ ቤቱም፣ የመታጠቢያ ቤቱም እንኳ! ስዘጋ ይከፍታል። በብርድ አለቅን እኮ ስለው "ልክፍት ነው፣ ቻይኝ" ይላል። አሁን ማን ይከለክለኛል? ዘጋሁት። ቤቱ ሞቀ። ደስ ግን አላለኝም።

ኅዳር 9

ከሙዚየም ሰው መጣ። ልጄ ናት የአባቷን ታንኮች ፎቶ አንስታ ያሳየችው። ወጣት ነው። አጉሊ መነጽር አውጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ብሎን ቆጠረ። ብሎን ቆጣሪው ብዬዋለሁ፣ በሆዴ።

"እናቴ፣ እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ብሎኑ ልክ፣ ሰንሰለቱ ልክ፣ ቀለሙ ልክ።"

ደረቴ ተነፋ። አሥራ ሰባተኛዋን፣ የመጨረሻዋን መረጠ። መስታወት ውስጥ ትቀመጣለች፣ ከሥሯ የባለቤትዎ ስም ይጻፋል አለኝ። ስሙ! ያ ሰው አንድ ሜዳሊያ የለው። የተሰናበተበት ወረቀት ላይ እንኳ ስሙ ተሳስቶ ነው የተጻፈው።

ከዚያ ብሎን ቆጣሪው ግንባሩን ቋጠረ። "ሾፌሩ ግን ስህተት ነው።"

ታንኩ ፊት ለፊት፣ በግራ በኩል፣ የሾፌሩ መውጫ አለ። ክዳኑ ተከፍቶ ሾፌሩ እስከ ወገቡ ወጥቷል። የመድፉ አፈሙዝ ደግሞ እዚያው፣ ከክዳኑ በላይ።

"አፈሙዙ እዚህ ከቆመ ክዳኑ አይነሳም እናቴ፣ ይመታዋል። ሾፌሩ መውጣት አይችልም።" በጥፍሩ ነካ አደረገው። "ይኸው... ክዳኑን ሞርደው አቅጥነውታል። በአፈሙዙ ሥር እንዲያልፍ።"

እሱ? ለአንድ ብሎን ሲል የሳምንት ሥራ አፍርሶ የሚጥል ሰው? ሌሎቹን አየን። አሥራ ሰባቱም ተሞርደዋል።

"ወይ አፈሙዙን ያዙሩት፣ ወይ ሾፌሩን አስገብተው ክዳኑን ይዝጉት። ታሪክ ስለሆነ ተሳስቶ መቀመጥ የለበትም። በወሩ መጨረሻ እመለሳለሁ።"

ይቺማ ምን አላት? እሺ አልኩት። ዕድሜ ልኬን መርፌ ይዤ ወረንጦ ሊያቅተኝ ነው?

ኅዳር 10

አልነካኋትም። ስፌት በዛብኝ እንበል።

ኅዳር 13

አፈሙዙን ላዞር ሞከርኩ። ንቅንቅ የለም። መዞር ያለበት የላይኛው ክፍል በሙጫ ተጣብቋል። እንዲዞር የተሠራን ነገር ማን በሙጫ ያጣብቃል? ጠንካራ ክር አመጣሁና በሥሩ ወዲህ ወዲያ ሳብኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለቀቀ። አነሳሁት።

ባዶ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው ተቀምጧል... ከትንሿ ጣቴ የማይበልጥ ሰው። የተኳሹ ወንበር ላይ፣ እጁን አንዲት ትንሽ መዘውር ላይ አድርጎ። ተኳሹ ባሌ ነበር። ስለ ጦርነቱ የነገረኝ ይሄንኑ ብቻ ነው። ፊቱን ሳይቀር ቀብቶታል። ከተጣበቀ በኋላ ማን ሊያየው?

ሁለቱ ጓደኞቹ፣ አዛዡና ጥይት አጉራሹ፣ ታንኩ ጎን መሬት ላይ ቆመዋል። ሾፌሩም እየወጣ ነው። እሱ ብቻ ውስጥ። ሰው ሁሉ ሲወጣ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?

ከአራቱ በሕይወት ያለው አጉራሹ ብቻ ነው። "ቀጮ" ይለው ነበር። አሁን የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። በቀብሩ ቀን ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሳያናግረኝ ሄደ።

ኅዳር 15

ታንኩን በጫማ ካርቶን አድርጌ በአውቶቡስ ሄድኩ። ቀጮ አሁን ወፍሯል። በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። ካርቶኑን ስከፍት ኮፍያውን አወለቀ።

"አወጣው" አለ። "አይ ይሄ ሰውዬ... ሾፌሩን አወጣው።"

"አልወጣም እንዴ?"

"አልወጣም፣ እህቴ።"

ነገረኝ። ተመቱ። እሳት ተነሳ። አዛዡና ቀጮ በላይ በኩል ዘለሉ፣ ባሌም ተከትሎ ዘለለ። ኤሌክትሪኩ ጠፍቷል፤ አፈሙዙን ከሾፌሩ ክዳን ላይ ለማንሳት መዘውሩን በእጅ ማዞር ነበረበት። ጥቂት ዙር። ይሄ የተኳሹ ሥራ ነው፣ ተምሮታል። ደንግጦ ረሳው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

"መሬት ላይ ሆነን ስንተያይ ሦስት ነን። ክዳኑ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አፈሙዙን ይመታል፣ ይመለሳል። ከፍ ይላል፣ ይመታል... ባልሽ ተመልሶ ወጣበት። ወደ ውስጥ እንዳይገባ እሳት ነው። ክዳኑ ላይ ተንበርክኮ በባዶ እጁ ይጎትታል። ብረቱ ግሏል እኮ! እኔ ነኝ በእግሩ ስቤ ያወረድኩት። እስኪሞት ይቅር አላለኝም።"

መዳፉ። ያ መስመር የሌለው፣ የሚያብረቀርቅ መዳፍ። ስንጋባ "የመኪና ራዲያተር ነው" ብሎኝ ነበር።

"አፈር ስሆን አታልቅሺ" ይለኛል ቀጮ፣ ራሱ እያለቀሰ።

የሾፌሩን ስም ጠየቅኩት። ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ኅዳር 16

ተናድጃለሁ። አርባ ዓመት! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ኖረ። እኔ በር ስዘጋ እሱ ሲከፍት፣ እኔ ስሳደብ እሱ ቻይኝ ሲል... ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር? ትቼህ እሄዳለሁ? እኔ ምንህ ነበርኩ?

ከአንጀቴ አለቀስኩ። የሞተ ዕለትም እንዲህ አላለቀስኩም።

ኅዳር 21

ልጄ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት። "እማዬ፣ በቃ አፈሙዙን አዙሪና ስጪው። የአባባ ስም ይጻፍ" አለች።

አሁን ማዞሩ ቀላል ነው። ሙጫው ለቋል። በአንድ ጣቴ ገፋ ባደርገው ሾፌሩ በሰላም ወጣ፣ ታሪኩም ልክ መሰለ። ግን እሱ ራሱ አሥራ ሰባት ጊዜ ሲሠራት አንድም ጊዜ አፈሙዙን አላዞረም። ክዳኑን ሞረደ፣ ራሱን ውስጥ አስቀረ፣ አፈሙዙን ግን ከነበረበት አላነቃነቀም። እሱ ያላደረገውን እኔ ላድርገው?

ኅዳር 26

ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሾፌሩን በወረንጦ ነቅዬ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ በድምፅ፣ በስሙ ጠርቼ። ክዳኑን ከአዲስ ፕላስቲክ በልኩ ቆረጥኩ። ሁለቴ ተበላሸብኝ። በሦስተኛው ገጠመ። ዘጋሁት።

ከዚያ እሱን ከተኳሹ ወንበር አነሳሁትና የላይኛውን ክፍል፣ አፈሙዙን ከክዳኑ በላይ እንደነበረ አድርጌ፣ መለስኩት። የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ የታጠፈ ነው፤ ክዳኑ ላይ ሳቆመው ተንበርካኪ ሆነ። ክንዶቹን በሙቅ ውሃ አለስልሼ ዘረጋኋቸው። ሁለት እጆቹን ክዳኑ ላይ አጣበቅኩ።

አንድም ቀን ራሱን እዚህ አላስቀመጠም። የዘለለውን ሲያስብ ኖረ፣ የተመለሰውን ረሳው። ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ለሌላው ብሎን የምትቆጥር፣ ለራስህ ግማሹን የምትጥል።

ኅዳር 30

ብሎን ቆጣሪው መጣ። አጉሊ መነጽሩን አወጣ፣ አየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

"አሁን ልክ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄ የተንበረከከው ማነው?"

ነገርኩት። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"ታዲያ ስሙን እንዴት ላድርገው፣ እናቴ?"

"ከላይ የሾፌሩን። የሱን ከሥር፣ ተኳሽ ብለህ።"

ሁለቱንም ስም እያንዳንዱን ፊደል እየጠራሁ አስጻፍኩት፤ መልሶም አነበበልኝ። እንዳይሳሳት።

ወሰዳት። አሥራ ስድስቱ መደርደሪያው ላይ ናቸው። በአሥራ ስድስቱም ሾፌሩ እየወጣ ነው። እነሱን አልነካም።

የክፍሉን በር ከፈትኩት። የመኝታ ቤቱንም፣ የመታጠቢያ ቤቱንም። ይበርዳል። የሱን ካፖርት ደርቤ ነው የምጽፈው።