አባባ «ፍጹም ቅጣት ምት ነው» ብለዋል

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 12

ውድ ወንድሜ ቢያድግልኝ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ መንገር ስችል ወረቀት ማበላሸቴ አይግረምህ። ስደውልልህ ስለ ጤናዬ ትጠይቃለህ፣ ስለማስተምራቸው ልጆች ትጠይቃለህ፤ «አባባ» ስል ግን ኔትወርኩ ይጠፋል። ኮምቦልቻን በሚያህል ከተማ ተቀምጠህ ኔትወርክ የሚጠፋብህ በአባባ ስም ብቻ መሆኑ ይደንቀኛል። ወረቀት ደግሞ ጆሮው ላይ አይዘጋበትም። ብትቀደውም አንብበህ ነው።

መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ወሬ ልንገርህ፤ ያለዚያ እኔና አንተ ምን ጨዋታ አለን? ያ የቱርክ ድራማ አላለቀም። ሰውዬው ከመኪና አደጋው በኋላ አልጋ ላይ እንደተኛ ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ጢሙን ማን እንደሚላጭለት እንጃ። አባባ «ሦስት ወር ሙሉ ሲያጣጥር፣ ሼህም ይሁን ቄስ የሚጠራለት አንድ ዘመድ ይጥፋ?» ብለው ቤተሰቡን በሙሉ ተቀይመዋል። በእኛ ፊልሞች ደግሞ ድሃው ልጅና የሀብታሟ ልጅ አሁንም የሚተዋወቁት መንገድ ላይ ተጋጭተው መጽሐፏ ሲወድቅ ነው። እኔ ይኸው ስንት ዓመት መጽሐፍ ታቅፌ ስመላለስ አንድም የተጋጨኝ የለም። የኳሱ ጋዜጠኛም ጠባዩን አልለወጠም፤ ጎል ሊገባ ሲል የተጫዋቹን የልጅነት ታሪክ ይጀምርና ደጋፊው ሲጮህ ነው የሚባንነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የአምና መስቀል ማግስት የሆነውን አንተም እኔም አልረሳነውም። ዜናው ላይ ወደ ወንዙ ማዶ የሚያሻግረው ድልድይ ተሠርቶ አለቀ ሲባል አንተ ሳቅህ። «ባለፈው ሳምንት በአይሱዙ በዚያ አልፌያለሁ፣ ምንም ድልድይ የለም» አልክ። አባባ «ካንተና ዜና ከሚያነበው ሰውዬ ማንን ልመን?» አሉህ። እዚያ ላይ ብትተወው ምን ነበረበት? አንተ ግን «እርስዎ የነገሩዎትን መድገም እንጂ መጠየቅ መች ተማሩ!» አልካቸው። መሪጌታን፣ ዕድሜውን ሙሉ ዜማ በቃሉ ሲያጠና የኖረን ሰው። «እንግዲያው መጠየቅ ወደሚቻልበት አገር ሂድ» አሉህ። በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድክ።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ያን ቀን ሪሞቱ በእኔ እጅ ነበር። ሁለታችሁንም «ተዉ» ማለት ሲገባኝ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩት። እናንተም ከእሱ በላይ ለመሰማት ይበልጥ ጮኻችሁ። ስታስበው እሳቱ ላይ ጋዝ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ይህ ነገር ይቆጠቁጠኛል።

ከሄድክ በኋላ አባባ ዓመት ያህል ቴሌቪዥኑን ዝም ብለው ነበር የሚያዩት። ዜናው ይመጣል፣ ዝም። ኳሱ ይመጣል፣ ዝም። አንተ እንደምታውቀው እሳቸው የራሳቸው ቡድን ኖሯቸው አያውቅም፤ የአባባ ቡድን ካንተ ቡድን ጋር የሚጋጠመው ነው፣ ስሙ በየሳምንቱ ይለያያል። አንተ ከሌለህ ማንን ይደግፉ?

ዘንድሮ ኅዳር ጽዮን ለማኅሌት ከወንዙ ማዶ ተጠርተው ሄዱ። በማግስቱ ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ምን ሆነው ነው ብዬ ብጠይቅ «ውኃ አሙቂልኝ» ብቻ አሉ። እግራቸውን እየታጠቡ «ወንዙ ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ። እኔም የድልድዩ ነገር ገብቶኝ ሙቅ ውኃ ጨመርኩላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤቱ ተለወጠ። ዜናው አዳራሽ ሙሉ ሰው ማስታወሻ ሲይዝ ባሳየ ቁጥር አባባ «ቢያድግልኝ ቢኖር ‘ምን እየጻፉ ነው?’ ይል ነበር» ይላሉ። የሆነ ነገር ተመረቀ ሲባል «ቢያድግልኝ ‘ሄዳችሁ አይታችኋል ወይ?’ ይል ነበር» ይላሉ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ይሄነው ዜና ሊያይ መጥቶ አላስችለው አለ።

«ምነው መሪጌታ፣ እርስዎም የዚያን ልጅ ጠባይ ያዙ እንዴ? እሱ እኮ ወላሂ ሰማይ ሰማያዊ ነው ቢሉትም ይከራከራል።»

አባባ ተቆጡ። «በሌለበት አትርታው! ሰው በሌለበት ይፈረዳል እንዴ? ማኅሌት ቆመህ አታውቅም? ቀኝ ብሎ ግራ ካልመለሰለት ምን ማኅሌት ይሆናል?»

እኔ ትዝ ያለኝ ተማሪ ሳለህ በግራ በኩል ቆመህ ስትመልስላቸው ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የቅዳሜውን ጨዋታ መቼም አይተኸዋል። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ባንተ ቡድን ላይ ፔናሊቲ ሲሰጥ (አባባ እንደ ጋዜጠኛው «ፍጹም ቅጣት ምት» ነው የሚሉት) ከመደባቸው ብድግ አሉ። መቋሚያቸውን መሬት ላይ እየደለቁ «የእግዜር ያለህ! መች ነካው? ራሱ እኮ ነው የወደቀው! ይሄን ዳኛ ዓይኑን ጠበል ውሰዱልኝ!» አሉ። ይሄነው «ነክቶታል» ቢል ሊያባርሩት ምንም አልቀራቸው። ልብ በል፣ ላንተ ቡድን ነው ይህ ሁሉ።

ትናንት ከቅዳሴ ሲመለሱ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ደረሱብኝ።

«ለማን ነው?»

«ለቢያድግልኝ።»

መቋሚያቸውን በሩ ጥግ አቆሙ። ጋቢያቸውን አጠፉ፣ ደግሞ ዘርግተው እንደገና አጠፉ።

«ሰላምታዎን ልጻፍልዎ?»

«ሰላምታማ ማንም ይልካል። እንዲህ ብለሽ ጻፊ። የቅዳሜው ፍጹም ቅጣት ምት ልክ ነው። ዳኛው አልተሳሳተም። አባትህ እንዲህ ይላል በይው።»

«አባባ! እርስዎ እኮ ቅዳሜ…»

«ጻፊ አልኩሽ! አይደለም የሚል ከሆነ መጥቶ ይመልስልኝ።»

እንግዲህ ጻፍኩልህ። ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው መሪጌታ፣ በነቢያት ጾም፣ ከቅዳሴ መልስ ዋሹ። ሰውዬው ይቅርታ መጠየቅ አያውቁም፤ የተማሩት ዜማ ነው። ይህን ያህል ግን ያውቃሉ፦ አንተ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተህ ዝም ብለህ መቀመጥ አትችልም።

ስለዚህ ለገና ና። ትኬት ቀደም ብለህ ቁረጥ፣ የበዓል ሰሞን መኪናው እንዴት እንደሚሞላ ታውቃለህ። አብሽር፣ ስለ መስቀሉ ማግስት ማንም አያነሳብህም። ገብተህ ጉልበታቸውን ሳም፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ፔናሊቲ አለመሆኑን አስረዳቸው። እስኪበቃችሁ ተከራከሩ።

ሪሞቱ አሁንም በእኔ እጅ ነው። በዚህኛው ጊዜ ግን ድምፁን እቀንሰዋለሁ፤ ጎረቤት ይስማ።

የምትናፍቅህ እህትህ፣
የትምወርቅ