ባጅህ ጠረጴዛው ላይ ነው

ባጅህን አትፈልገው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ትናንት ቱታህን ላጥብልህ ኪሱን ስፈትሽ አገኘሁት። ሥራ የለኝም እያልከኝ፣ ለካ ባጁ ላይ በተጻፈው ቀን ከተቀጠርክ አምስት ወርህ ነው።

ለብድርህ ዋስ ሆኜ ስለፈረምኩ፣ አንተ ደሞዝ የለህም ተብሎ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከኔ ደሞዝ ሲሶው ሲቆረጥ የከረመውም አምስት ወር ነው። ደሞዝ ከፋይዋ ደብዳቤውን ባልደረቦቼ ፊት ጮክ ብላ ስታነበው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ነበር።

እሱን እንኳ አልነገርኩህም። እንዳይከፋህ ብዬ።

ዛሬ ጠዋት ባጅህን ይዤ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ የመሥሪያ ቤትህን ስም አንድ ፊደል ሳታስቀር ከባጁ ላይ ገለበጠችው። ከመጪው ወር የሚቆረጠው ካንተ ነው።

እኔ እህቴ ጋ ገብቻለሁ፤ ቁልፌን ለአከራያችን ሰጥቻለሁ።

ቱታህ ገመዱ ላይ ደርቋል። ነገ ልበሰውና በጊዜ ሂድ። አደራህን፣ ከሥራ አንድም ቀን እንዳትቀር።