ቀጭ የምትለዋ ካሜራ

ዲላ፣ ኅዳር 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እዚህ ዝናቡ ቆሟል፣ ቡናው ቀልቷል። ደንበኛው ሁሉ ለቀማ ላይ ስለሆነ ፎቶ ቤቱ እስከ ከሰዓት ባዶ ነው፤ እኔም ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

የላክህልኝ ዲጂታል ካሜራ በሰላም ደርሳኛለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሮጌዋን ሽጪያት ያልከውን ግን አላደረግሁም፣ አላደርግምም። ከፈለግህ ተቆጣ፤ ሲበርድልህ የሚቀጥለውን አንብብ።

አዲሷን ይዤ ኢዲዶ ገጠር ሠርግ ሄድኩ። የሙሽራውን አያት ጋሽ በቀለን ከነቤተሰባቸው አቁሜ አነሳኋቸው። ታውቃለህ፣ የእኛ አገር ትልልቅ ሰዎች ካሜራ ፊት ሲቆሙ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ የሚለቁት ቀጭ ሲል ነው። አዲሷ ደግሞ ድምፅ የላትም። አንስቼ ጨርሼ ቦርሳዬን ስዘጋ ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው እንደቆሙ ናቸው። ጨርሰናል ብላቸው፣ ካሜራሽ አልጮኸም እኮ ልጄ፣ ታዲያ መች ልተንፍስ አሉኝ። ሠርገኛው ሳቀ፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ድምፅ ይከፈትላታል እንዳትለኝ። ሞባይል የሚጠግነው ጎረቤቴ ሙሐሲን ከፍቶልኝ ሞክሬዋለሁ። የስልክ ጥሪ ይመስላል፤ ሰው ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል።

እንዴት እንደምሠራ ነግሬህ አላውቅም። በአሮጌዋ የመጀመሪያውን ቀጭ ለእነሱ አነሳለሁ፤ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው የተዘጋጁበት ነው። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሲለቁ፣ ትከሻቸው ወረድ ሲል ሁለተኛውን እደግማለሁ፤ እሱ የእኔ ነው። ይህን ሥራ የምወደው ለዚያ ለሁለተኛው ብዬ ነው። ፊልሟ ሐዋሳ ሄዶ ይታጠባል፣ ክብደቷ አንገቴን ይጎትተኛል፤ ቢሆንም በእሷ ስሠራ ደስ ይለኛል። ያንተዋ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፤ ተማሪ ስለሚቸኩል ለእሱ ጥሩ ናት።

እማዬ ሰሞኑን ፎቶ አንሺኝ አለችኝ። ካሜራ ስታይ የምትሸሽ ሴት መሆኗን ታውቃለህ። በየትኛዋ ላንሳሽ ብላት፣ በምትጮኸዋ አለች። የአባባ ለቅሶ ላይ ከመታወቂያው ተወስዶ ያደገው ፎቶ የተቆጣ ሰው መስሎ፣ ከአሪቻ የመጡት ዘመዶቻችን ይኼ ማነው ማለታቸውን አልረሳችም። እኔን እንደዚያ እንዳታስቀሪኝ አለችኝ።

ነጩን ቀሚሷን ለበሰች። አምና ልኳ የነበረው ሰፍቷት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰበሰብኩላት። አፏን ገጥማ፣ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። ቀጭ ሲል ለቀቀችና፣ ይኼን ወንድምሽ ሲያይ ይስቅብኛል ብላ ራሷ ሳቀች። ያኔ ደገምኩ። ያንተዋ ክንድ ዘርግተው የሚያነሱባት ናት፤ አሮጌዋን ግን ዓይን ላይ አስጠግተው ነው። ካሜራዋ ፊቴን ሸፈነችልኝና እማዬ ሳታየኝ አለቀስኩ።

ትልቅ አድርገሽ አሳጥቢው ብላኝ ነበር፤ አሳድጌ ፍሬም ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ቁምሳጥኑ ላይ ነው፣ ላየው ስላልቻልኩ ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። ትንሹን በዚሁ ፖስታ ልኬልሃለሁ፤ ሳቋን እየው።

ለገና እመጣለሁ ብለሃል። ገናን አትጠብቅ፤ ፈቃድ ጠይቀህ አሁን ና።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ በሰላም አድርሶ ያገናኘን።

ታላቅ እህትህ