ለጥሩወርቅ ድምፅ ቦታ ፍለጋ

ሰኞ፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት

ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ሽሮዬንም እሠራለሁ፣ ባይጥምም ይበላል። ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ መቋሚያ የምይዘው ለወጉ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛውን አላውቀውም፣ እንደ ሥዕል ነው የማየው። ያም ሆኖ ኮምፒውተሩን ራሴ አስተካክላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከማረፏ በፊት በስልኳ በቪዲዮ የተቀረጸችው ምርቃት አለ። ልጃችን ትርንጎ ያኔ አላገባችም። ጥሩወርቅ ግን ገና ላልተወለደው የልጅ ልጇ ተናገረች። “ለሕፃኑ እንጂ ለሰው አታሰማው” አለችኝ። አሁን ትርንጎ ወገል ጤና ከተማ ላይ ሴት ልጅ ተገላግላለች። “አባዬ፣ ክርስትናዋ ላይ የእማዬን ድምፅ ይዘውልኝ ይምጡ” አለች።

የጥሩወርቅ ስልክ ግን አብጧል። ጀርባው እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ዛሬ እንደተሰካ ድርግም አለ። ነገ ላይበራ ይችላል። ሳይሞት ምርቃቱን ትርንጎ ወደ ተወችልኝ ኮምፒውተር ላሻግር ብዬ በገመድ አገናኘኋቸው። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ሞልቷል። የቦታው መለኪያ መስመር ቀልቷል።

ጥገና ሱቅ ይወሰድ ይላሉ። ሱቅ ያለው ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ከፍቶ መስማት ነው። አልወስድም።

ማክሰኞ

የትርንጎን ፊልሞች አጠፋሁ። ፈቅዳልኛለች። የሚታኮሱት ፈረንጆች ሁሉ ሄዱ። መስመሩ ያው ቀይ ነው። በራሴ ስልክ ደወልኩላት።

“ያጠፉት እኮ አልወጣም አባዬ። ቅርጫቱ ውስጥ ተቀምጧል። ቅርጫቱን ይክፈቱና ባዶ ያድርጉት።”

ቅርጫት የምትለው የቆሻሻ መጣያውን ሥዕል ነው። ከፈትኩት። ከፊልሞቹ በታች ምን ባይ ጥሩ ነው፤ የጥምቀት ታቦት ሲወጣ፣ ካህናቱ ጃንጥላ ዘርግተው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። ትርንጎ ድሮ የጣለቻቸው። ቆሻሻ ውስጥ እንዴት ይደሩ። እያማተብኩ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ቀኑ በዚሁ አለቀ። ፊልሞቹን ብቻ አስወጣሁ። መስመሩ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እዚያው ቀረ።

ረቡዕ

ጎረቤቴ መሪጌታ ጥበቡ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ኮምፒውተሩን በመቋሚያቸው አመለከቱ።

“አያ ካሳው፣ ይቺ ላምህ ዛሬም አልታለበችም?”

“እርግጫ አላት መሪጌታ። ይሞክሯት እስቲ።”

“እኔ የማልበው ቅኔ ነው።”

የሥዕሎቹን ነገር ነገርኳቸው። ሳቁ። “ያረጀ ልብሰ ተክህኖ እንኳ ዕቃ ቤት ነው የሚቀመጥ። እውነትህን ነው” አሉ። “ግን ዋናው ካለ ግልባጩ ቢሄድ ምን አለበት? ዋናው መኖሩን በዓይንህ እይ።”

ትርንጎም ዋናዎቹ “ጥምቀት” ብላ በአማርኛ በጻፈችበት ፎልደር ውስጥ አሉ ትላለች። ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። ዓይኑን የጨፈነው ዲያቆን እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። ጫፉ የተቀደደው ጃንጥላም፣ የእመቤታችን ሥዕልም እንደዚሁ። ግልባጮቹን መልሼ ቅርጫት አስገባሁ። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ባዶ አደረግሁት። ይቅር በለኝ።

አሁንም አይበቃም። ስልኩ ዛሬ የበራው ከብዙ ልመና በኋላ ነው። ተናድጄ ትርንጎ ላይ ጮኽኩ። ሕፃኗ ስታለቅስ በስልኬ ሰማሁ። ቀስቅሻታለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው የአያቷ ድምፅ ጩኸት ሆነ።

ሐሙስ

እኔ ሳልደውል ትርንጎ ደወለች። እንደ እናቷ ናት፣ ቂም አታውቅም።

“ሌሊት ሳጠባት ትዝ አለኝ። ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚተወው ትርፍራፊ አለ። ይደብቀዋል እንጂ አይጥለውም።”

የተደበቀው እንዲታይ የት እንደምነካ ነገረችኝ። ነካሁ። ያልነበሩ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ወጡ፣ ጉም ውስጥ እንዳለ ሰው። በአንዱ ገባሁ፣ ከዚያ በሌላው። ትርፍራፊው ያለበት ፎልደር ስሙ አራት ፊደል ነው አለች፤ ሌላውን እንዳልነካ። እኔ የማውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል የለም። አሰበች።

“የመጀመሪያዋ መቋሚያ ናት። ሁለተኛዋ ሦስት ጥርስ ያላት ማበጠሪያ። ሦስተኛዋ ሁለት ተራራ ጎን ለጎን። የመጨረሻዋ ጫፏ ላይ ቅል ያንጠለጠለች ዱላ።”

መቋሚያዋን አገኘሁ። ማበጠሪያዋን አገኘሁ። ተራሮቹ፣ ዱላዋ። በጣቴ እየነካሁ ደጋግሜ አነበብኩላት። “እሷ ናት፣ ውስጧ ያለውን ያጥፉ” አለች። አጠፋሁ። ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ። ቀዩ መስመር ሰማያዊ ሆነ።

ስልኩን ሰካሁ። ምርቃቱ እየተሻገረ ሳለ ገመዱ እንዳይነቀል በጣቴ ያዝኩት። አለፈ። ከኮምፒውተሩ ከፈትኩት፤ ጥሩወርቅ ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ አለች። መጀመሪያ የተናገረችው ለእኔ ነው። “ካሳው፣ ትከሻህን ሰብስብ፣ ጋረድከኝ እኮ።” ተቀምጬበት ከነበረው ፈቀቅ አልኩ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን ፈቀቅ አልኩ።

የቀረውን አልጽፈውም። የሕፃኗ ነው።

ዓርብ

ስልኩ ጭራሽ አልበራም። ይረፍ።

ነገ መኪና ከተገኘ እሳፈራለሁ። ኮምፒውተሩ ጣራ ላይ አይጫንም፣ ጭኔ ላይ ነው የሚሄደው። ከመሄዴ በፊት ያለብኝን ልጻፍ፤ ማንም አይክፈልልኝ።

ለመሪጌታ፦ ላሚቱ መታለቧን ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ስመለስ ከወገል ጤና ማር ካገኘሁ አመጣላቸዋለሁ።

ለአሸተን ማርያም፦ ትናንት መስመሩ ሰማያዊ ሲሆን የተሳልኩት አለ። ተራራዋን በእግሬ እወጣለሁ፣ በበቅሎ አይደለም። ጉልበቴ የፈለገውን ይበል።

ለትርንጎ፦ ይቅርታ። በስልክ አይሆንም፣ ፊቷን እያየሁ።

ለሕፃኗ፦ ቀስ ብሎ የሚናገር አያት።

ለጥሩወርቅ፦ ለሰው አታሰማው ብላለች። ትርንጎ ደግሞ እንግዳው ሁሉ ሲሰማ ይታያታል። ስለዚህ ድግሱ ሳይጀመር ጓዳ እንገባለን፣ ትርንጎ፣ ሕፃኗና እኔ። በሩን እኔ እዘጋለሁ። ይህን ለትርንጎ እስካሁን አልነገርኳትም። እሺ ትለኛለች ብዬ ነው።